በደም የሚከፈል ድግምት ለምን ይረክሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለተባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባህሪ ይዘው በዳይስ ለሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ 5ኛ እትም አዲስ የድግምተኛ ክላስ (የገጸ ባህሪ ዓይነት) ፈጥሯል። ስሙን «ደመኛ» ብሎታል። ደመኛው ስሎት፣ ማለትም ሌሎች ድግምተኞች ያላቸው የተቆጠረ የመጥሪያ ዕድል፣ የለውም። ድግምት በጠራ ቁጥር ከራሱ የሕይወት ነጥብ ይከፍላል፤ ለ1ኛ ደረጃ 3፣ ለ2ኛ ደረጃ 5፣ ለ3ኛ ደረጃ 8። ሂት ዳይሱ፣ ማለትም የሕይወት ነጥቡን የሚወስነውና በእረፍት የሚመልስለት ዳይስ፣ ዲ10 (ባለ አሥር ገጽ) ነው። ድግምት የሚጠራበት ችሎታ ኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጥንካሬ) ነው። የዊዛርዱን (በትምህርት ድግምት ያወቀውን ክላስ) የድግምት ዝርዝር ሙሉውን ይጠቀማል፤ በላዩ ላይ ቁስል የሚፈውሰው ኪዩር ዉንድስ ተጨምሮለታል። ቡድኑ 5ኛ ሌቭል ላይ ነው። ከሁለት ቀን ጨዋታ በኋላ ፋይተሩን (በመሣሪያ የሚዋጋውን ክላስ) የሚጫወተው ልጅ «እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» አለ። ጠያቂው አሁን የ3ኛ ደረጃውን ዋጋ ከ8 ወደ 12 ልጨምረው ወይስ ክላሱን ጭራሽ ልተወው እያለ ነው።

ወንድሜ፣ አትተወው። ዋጋውንም አትጨምር። ችግሩ ዋጋው ማነሱ ሳይሆን ተመላሽ መሆኑ ነው። የሕይወት ነጥብ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቶሎ የሚሞላ ነገር ነው። ቶሎ በሚሞላ ነገር የምትከፍለው ብድር ነው፤ ያውም ጓደኞችህ የሚመልሱልህ ብድር።

እንዳንደናገር ለድግምት ሲሆን «ደረጃ»፣ ለገጸ ባህሪ ሲሆን «ሌቭል» እላለሁ። ቁጥሮቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ሕግ ናቸው።

መጀመሪያ አሁን ያለውን ደመኛ እናስላው። 5ኛ ሌቭል ላይ ኮንስቲትዩሽኑ +4 ቢሆን የሕይወት ነጥቡ 54 ነው። ፋየርቦል የተባለው የ3ኛ ደረጃ የእሳት ድግምት 8 ነጥብ ስለሚያስከፍለው ስድስት ጊዜ ጠርቶ 6 ነጥብ ይተርፈዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት አጭር እረፍት ይወስዳል። አምስቱን ሂት ዳይስ ሲጥል በአማካይ 47 ወይም 48 ነጥብ ይመለስለታል። ሌላ ስድስት ፋየርቦል ማለት ነው። በድምሩ አሥራ ሁለት። በዚያው ሌቭል ያለ ዊዛርድ የ3ኛ ደረጃ ስሎቱ ሁለት ብቻ ነው። አርኬን ሪከቨሪ በተባለው ስሎት የመመለስ ችሎታው አንዱን ቢመልስ ሦስት ይሆናል። አሥራ ሁለት ለሦስት!

አሁን ዋጋውን 12 አድርገው። አሥራ ሁለቱ ወደ ስምንት ይወርዳል። አሁንም ከዊዛርዱ እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ደመኛው በመጀመሪያው ውጊያ አራት ጊዜ ጠርቶ 6 ነጥብ ይዞ ይቆማል፤ አንድ ቀስት ይጥለዋል። ማለትም ክላሱ ወይ ሁሉን ያጠፋል ወይ ራሱ ይጠፋል። ብዙ ቤት ሠራሽ ክላሶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ዋጋውን በጨመርክ ቁጥር ክላሱ ሚዛናዊ ሳይሆን ቁማር ይሆናል።

ይህ እንግዲህ ማንም ሳያግዘው ነው። ክሌሪኩ (የቡድኑ ፈዋሽ) በ1ኛ ደረጃ ስሎት ኪዩር ዉንድስ ሲያደርግለት በአማካይ 8.5 ነጥብ ይሞላለታል። የአንድ ፋየርቦል ዋጋ 8 ነው። እስቲ ልብ በለው፤ የክሌሪኩ 1ኛ ደረጃ ስሎት በደመኛው እጅ ወደ 3ኛ ደረጃ ድግምት ተለወጠ። በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያለ ምንዛሬ ሌላ የትም የለም። 50 ወርቅ የሚሸጠው የፈውስ መድኃኒት እንኳ በአማካይ 7 ነጥብ ይመልሳል፤ ከፋየርቦሉ ዋጋ የሚጎድለው አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

የባሰው ደግሞ ራሱ ኪዩር ዉንድስ መቻሉ ነው። 3 ነጥብ ይከፍላል፣ 8.5 ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ጥሪ 5.5 ያተርፋል። ገደብም ስለሌለው ከውጊያ ውጭ ቁጭ ብሎ ራሱንም ቡድኑንም እስኪሞላ ድረስ ሊፈውስ ይችላል። በቀዳዳ ጆንያ እህል ስትሰፍር ስፍሩን ብትቀይር ምን ዋጋ አለው? ጆንያውን ነው መስፋት ያለብህ።

የፋይተሩ ልጅ ቅሬታም ከዚህ የመጣ ነው። ፋይተሩ 5ኛ ሌቭል ላይ በሁለት እጅ በሚያዝ ሰይፍ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሁለቱም ካገኙ በአማካይ 22 ጉዳት ነው። ከመቶ 65 የመምታት ዕድል ካለው በዙር ወደ 14 ይወርዳል። ፋየርቦል በአማካይ 28 ነው። ከጠላቶቹ ከመቶ 40ው ሴቪንግ ስሮውን (ድግምቱን ለመቋቋም የሚጣለውን ዳይስ) ቢያልፉ እንኳ በአንድ ጠላት 22 ገደማ ይደርሳል፤ ሦስት ጠላት ከተሰበሰበ 67። ዊዛርዱም ይህን ያደርጋል፤ ፋይተሩ ግን በዊዛርዱ አይከፋም። ለምን? ዊዛርዱ በቀን ሁለት ሦስቴ ያበራና ያበቃለታል። የቀረውን ዙር ሁሉ ፋይተሩ ነው የሚሸከመው። ፋይተር ሰይፉ አያልቅም። የእሱ ጥንካሬ የሌላው ማለቅ ነው። የማያልቅ ድግምተኛ ስታመጣ የቀማኸው ጉዳቱን ሳይሆን ተራውን ነው።

እና ለማንኛውም አዲስ ድግምተኛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ «በቀን ስንት ጊዜ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ መለኪያ አለ። የዲኤም (የጨዋታው መሪ) መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ በስሎት ፋንታ በድግምት ነጥብ መጫወት ለሚፈልግ የተቀመጠ አማራጭ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ የ1ኛ ደረጃ ድግምት 2 ነጥብ፣ የ2ኛው 3፣ የ3ኛው 5፣ የ4ኛው 6፣ የ5ኛው 7 ያስከፍላል። አማራጩን ባትጫወትበትም ለሚዛን ተጠቀምበት። የዊዛርዱ 5ኛ ሌቭል ስሎቶች አራት፣ ሦስትና ሁለት ናቸው። ሲባዛ 27 ነጥብ። በአርኬን ሪከቨሪ 32። ዋርሎክ የተባለውን ሌላ ድግምተኛ ተመልከተው፤ የ3ኛ ደረጃ ሁለት ስሎት ብቻ ነው ያለው፤ በአጭር እረፍት ግን ይመለሱለታል። በቀን ሁለት አጭር እረፍት ካለ ስድስት ጊዜ ይጠራል፤ 30 ነጥብ። ሁለቱ ክላሶች አሠራራቸው ሰማይና ምድር ነው፤ ድምሩ ግን እዚያው አካባቢ ነው። የሁለት ክላሶች ሚዛን ማለት ይህ ነው። መንገዱ ይለያይ፣ የቀኑ በጀት ይቀራረብ።

የአንተ ደመኛ በዚህ ሚዛን ሲለካ አሥራ ሁለት በአምስት፣ 60 ነጥብ ነው። ያለ ክሌሪክ፣ ያለ መድኃኒት።

አሁን ወደ ጥገናው። ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ስሙም ጥሩ ነው። ከራሱ ደም ጋር የተጣላ ድግምተኛ! ስለዚህ ደሙን አንነካም። የምንቀይረው ደሙ ከየት እንደሚወጣ ነው። ከሕይወት ነጥቡ ሳይሆን ከሕይወት ነጥቡ ጣሪያ ይውጣ። 49 ነጥብ ያለው ደመኛ ፋየርቦል ሲጠራ ነጥቡም ጣሪያውም በ5 ይቀንሳል። 44 ከ44 ይሆናል። ክሌሪኩ ቢፈውሰው ከ44 አያልፍም። ያ ደም እስከ ረጅም እረፍት (የሌሊቱ እንቅልፍ) ድረስ ሄደ።

49 ያልኩት በምክንያት ነው። ኮንስቲትዩሽንን የድግምት ችሎታው አድርገህ መተው የለብህም። ኮንስቲትዩሽን የሕይወት ነጥቡን ይጨምራል። ኮንሰንትሬሽኑን፣ ማለትም የጠራውን ድግምት ሳይቋረጥ የመያዝ አቅሙን፣ ይጠብቃል። አሁን ደግሞ ድግምቱን የመቋቋም ቁጥር ሊወስን ነው። አንድ ችሎታ ሦስት ሥራ ከሠራ ተጫዋቹ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም፤ ሁሉን እዚያ ይጥላል። ለሌሎቹ ድግምተኞች ግን ሕይወትና ድግምት ለየብቻ የሚገዙ ናቸው። ደመኛውን ወደ ካሪዝማ (ግርማ ሞገስ) አዙረው። ኮንስቲትዩሽኑ ያኔ +3 አካባቢ ይቀመጣል፤ 5ኛ ሌቭል ላይ ነጥቡ 49 ይሆናል።

ዋጋው ከላይ ያልኩት የድግምት ነጥብ ራሱ ይሁን፤ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 7። በአንድ ቀን ከሙሉ ጣሪያው ከግማሽ በላይ መክፈል አይችልም። የ49 ግማሽ 24 ነው። ዊዛርዱ 27 ነበር። ወደ ኋላና ወደ ፊት እንሞክረው። 3ኛ ሌቭል ላይ ደመኛው 31 ነጥብ አለው፤ ግማሹ 15። ዊዛርዱ 14። 7ኛ ሌቭል ላይ 67፤ ግማሹ 33። ዊዛርዱ 38። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ቁጥሮቹ እንዲህ መቀራረባቸው በጣም ነበር ያስደሰተኝ።

ከ9ኛ ሌቭል ጀምሮ ግን ደመኛው ወደ ኋላ ይቀራል። 42 ለ57፤ 11ኛ ላይ 51 ለ73። ያኔ ሁለተኛ የደም ምንጭ ስጠው። ከ9ኛ ሌቭል ጀምሮ በቀን እስከ አራት ጊዜ አንድ ሂት ዳይስ ሳይጥለው አጥፍቶ በ4 ነጥብ ፋንታ ይክፈል። 16 ነጥብ ይጨመራል፤ 58 ለ57፣ 67 ለ73 ይሆናል። ሂት ዳይስ ጥሩ መክፈያ ነው። ረጅም እረፍት እንኳ የሚመልሰው ከጠቅላላው ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያባከነው ነገ ይጎድለዋል። ለደመኛ ደግሞ ይህ ልክ የሚገባው ስሜት ነው።

ይህ አሠራር የሚያመጣውን ጠባይ ተመልከት። ጠዋት ደመኛው ከዊዛርዱ ይልቅ ጠንካራ ነው። ዊዛርዱ በዲ6ና በ+2 ኮንስቲትዩሽን 32 ነጥብ ነው ያለው፤ ደመኛው 49። ማታ ደመኛው 25 ላይ ይወርዳል፤ ዊዛርዱ ስሎት ቢጨርስም ሲፈወስ 32ቱ አለ። ጠዋት ፊት የሚቆም፣ ማታ ከፋይተሩ ጀርባ የሚገባ ድግምተኛ አገኘህ። ፋይተሩም ሥራ አገኘ። ይህ ከቁጥሩ በላይ ነው የሚያስደስተኝ፤ ምክንያቱም ክላሱ በሕጉ ራሱ ታሪክ መናገር ጀመረ።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በ24 ነጥብ አራት ፋየርቦል መጥራት ይቻላል፤ ዊዛርዱ ቢበዛ ሦስት ነው። በቀን አንድ ውጊያ ብቻ ካላችሁ ይህ ይታያል። መፍትሔዬ ይህ ነው፦ ከሚችለው ከፍተኛ ደረጃ በቀን ሁለት ጊዜ በመደበኛ ዋጋ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በእጥፍ። 5፣ 5፣ 10። 20 ከፈለ፣ 4 ቀረው። ሦስተኛውን መጥራት ይችላል፤ ግን ያማል። መከልከል ሳይሆን ማሳመም ነው የፈለግነው። ከ6ኛ ደረጃ ጀምሮ ያሉት ድግምቶች ግን እያንዳንዱ ደረጃ በቀን አንዴ ብቻ፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም። አማራጭ ሕጉም እንዲሁ ነው የሚለው። ዋጋቸው 9፣ 10፣ 11 እና 13 ነው።

አሁን አሰልቺ የሚመስለው ግን ክላስህን የሚያድነው ሥራ፤ የሕጉ ቃል አጻጻፍ። ተጫዋቾች ቀዳዳ ያገኛሉ። ክፋት አይደለም፤ ጨዋታውን ስለሚወዱ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ድግምት ስትጠራ የሕይወት ነጥብህና ጣሪያው በዋጋው ልክ ይቀንሳሉ። ይህ ጉዳት አይደለም፤ በምንም ችሎታ አይቀነስም፣ ወደ ሌላ አይተላለፍም፣ በጊዜያዊ የሕይወት ነጥብም አይከፈልም። ጣሪያህ የሚመለሰው በረጅም እረፍት ብቻ ነው፤ ምንም ድግምት ቀድሞ አይመልሰውም። በቀን የምትከፍለው በዚህ ክላስ ሌቭሎች ካገኘኸው ነጥብ ከግማሽ አይበልጥም። ለጊዜው የተጨመረልህ ጣሪያ አይቆጠርም።»

እያንዳንዱ ሐረግ ምክንያት አለው። «ጉዳት አይደለም» ያልነው ባርቤሪያን የተባለው ተዋጊ ሲቆጣ የአካል ጉዳትን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሌሎችም ጉዳትን የሚቀንሱ ችሎታዎች ስላሉ ነው። ደግሞም ጉዳት ቢሆን ደመኛው በጠራ ቁጥር የራሱን ኮንሰንትሬሽን ለማዳን ዳይስ ሊጥል ነው፤ ያ ያለ ጥቅም ጨዋታውን ያጓትታል። «ምንም ድግምት አይመልሰውም» የሚለው ግሬተር ሪስቶሬሽንን ለመዝጋት ነው። ያ ድግምት የተቀነሰን ጣሪያ ይመልሳል፤ ክሌሪኩ 9ኛ ሌቭል ሲደርስ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ሐረጉ ከሌለ ያ ሁሉ ስሌት ገደል ገባ። «ለጊዜው የተጨመረ» የሚለው ኤድ የተባለው ድግምት ጣሪያን ለስምንት ሰዓት በ5 ስለሚያሳድግ ነው። «በዚህ ክላስ ሌቭሎች» የሚለው ደግሞ ዲ12 ያለው ባርቤሪያን አንድ ሌቭል ብቻ ደመኛ ወስዶ ያን ሁሉ ሥጋ ነዳጅ እንዳያደርገው ነው።

በውጊያ ቆስሎ የሕይወት ነጥቡ ለዋጋው ካልበቃስ? የቀኑ በጀት ሳያልቅ 4 የሕይወት ነጥብ ብቻ ቀርቶት ፋየርቦል ሊጠራ ቢፈልግ? እኔ እፈቅድለታለሁ። ድግምቱ ይሠራል፤ እሱ ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንዳንድ ዲኤሞች ይህን ይከለክላሉ። እኔ አልስማማም። የዚህ ክላስ ትልቁ ቅጽበት ያ ነው፤ ለዚያ ብሎ ነው ተጫዋቹ ደመኛን የመረጠው።

የድግምት ዝርዝሩን በተመለከተ ሙሉውን የዊዛርድ ዝርዝር መስጠት ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም። የዊዛርዱ ስፋት የእሱ መለያ ነው፤ በድካሙ የገዛው ነው። ዲ6ን የተሸከመው ለዚያ ነው። ለደመኛው ጠባብ ዝርዝር ምረጥለት፤ የሚያውቃቸው ድግምቶች ቁጥርም እንደ ሶርሰረር (ድግምት በተፈጥሮው ያለው ክላስ) ይሁን። ሶርሰረር 1ኛ ሌቭል ላይ ሁለት ድግምት ነው የሚያውቀው፤ 20ኛ ላይ 15። ኪዩር ዉንድስ ይውጣ። ጣሪያው ስለማይመለስ አሁን ብዙ አይጎዳም፤ ግን ራሱን በደሙ የሚያክም ደመኛ ጭብጡንም ያላላዋል። ከምት የሚከላከለውን ሺልድ የተባለ ድግምትም አውጣው። 2 ነጥብ ከፍሎ 10 ነጥብ ጉዳት የሚያስቀር ሰው ሁልጊዜ አትራፊ ነው፤ ምርጫ አይደለም። ቫምፓይሪክ ተች ግን ይቆይ። ከጠላት የጠጣው ደም ነጥቡን ይሞላል እንጂ ጣሪያውን አይነካም። ደመኛ ያለ እሱ ምኑን ደመኛ ሆነ?

የራስህን የደም ድግምቶች ልትፈጥር ከፈለግህ በፋየርቦል አትለካቸው። የዲኤም መመሪያው ለ3ኛ ደረጃ ብዙ ሰው ለሚመታ ድግምት የሚመክረው 6 ዲ6 ነው፤ ለአንድ ሰው 5 ዲ10። ፋየርቦል 8 ዲ6 ነው፤ ከመመሪያው በላይ ነው። እሱን መነሻ ያደረገ ሰው ሁሉ ከመጠን በላይ ይሠራል።

ዲ10ን ማቆየት ትችላለህ፤ ያለ እሱ ነዳጅ የለውም። ግን ከባድ የጦር ልብስም ጋሻም አትስጠው። ኤክስትራ አታክም (በተራው ሁለቴ የመምታት ችሎታ) እንዲሁ። ካንትሪፖቹ (ያለ ክፍያ የሚጠሩት ትንንሽ ድግምቶች) በ5ኛ፣ 11ኛና 17ኛ ሌቭል ስለሚያድጉ ደም ሳይከፍል የሚሠራው ነገር አለው፤ ይበቃዋል።

ለሴቪንግ ስሮው ኮንስቲትዩሽንንና ካሪዝማን ስጠው። በጨዋታው ልማድ እያንዳንዱ ክላስ አንድ ጠንካራና አንድ ደካማ ይይዛል፤ ኮንስቲትዩሽን፣ ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) እና ዊዝደም (አስተዋይነት) ጠንካሮቹ ናቸው። ይህ ጥምረት የሶርሰረሩ ነው፤ ችግር የለውም።

ከመጫወታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ፤ በቀን ስንት ውጊያ ነው የምታደርጉት? የ2014ቱ መመሪያ በሁለት ረጅም እረፍት መካከል ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያ ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወይም ሁለት ነው የሚደረገው። እንዲያ ከሆነ ደመኛው ብቻ አይደለም፣ ዊዛርዱም ፋይተሩን ይውጠዋል። ክላሱን ከመወንጀልህ በፊት ቀኑን አርዝመው። ከአንዱ ውጊያ ወደ ሌላው ሲሄዱ እረፍት እንዳያገኙ የሚያደርግ ምክንያት ፍጠር፤ በሩ እየተዘጋ ነው፣ ታጋቹ ሊወሰድ ነው፣ ውሃው እየሞላ ነው።

ከዚያ ከዘመቻችሁ ውጭ አንድ ምሽት ሙከራ አድርጉ። እነዚያው ገጸ ባህሪያት፣ አራት ውጊያ፣ በመካከል አንድ አጭር እረፍት። አንተ ወረቀት ይዘህ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍ። ደመኛው በየውጊያው መጨረሻ ጣሪያው ስንት ነበር፤ እያንዳንዱን ውጊያ በመጨረሻ የለወጠው የማን ተራ ነው። በአራቱም ውጊያ የአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ግማሹን ወደ ሲሶ አውርደው። ደመኛው ከሁለተኛው ውጊያ በኋላ ፈርቶ በካንትሪፕ ብቻ ከተጫወተ ግን የእጥፉን ሕግ አንሳለት።

እና በዚያ ምሽት ደመኛውን ለፋይተሩ ልጅ ስጠው፤ የደመኛው ባለቤት ፋይተሩን ይያዝ። አንደኛው ያ ደም ሲያልቅ ምን እንደሚሰማ ያውቃል፤ ሌላው ከፊት ቆሞ መሸከም ምን እንደሆነ ያያል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚነግሩህን ከእኔ ቁጥር አስበልጠህ ስማ።